ቀልብን በድምፅ ማሠልጠን፦ በስልክዎ የሚቀዱት የአራት ሳምንት ልምምድ

ለ12 ደቂቃ ልምምድ በተዘጋጀ ጥሩ ቅጂ ውስጥ ንግግሩ ተደማምሮ ሦስት ደቂቃ ቢሞላ ነው። ቀሪው ዝምታ ነው። ከዩቲዩብ የሚወርዱት አብዛኞቹ የትኩረት ማሠልጠኛ ድምፆች ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያወራሉ፤ ከሥራቸውም ሙዚቃ ይፈሳል። ለማረፍ ጥሩ ናቸው፤ ቀልብን ለማሠልጠን ግን አይበቁም። ሥልጠናው ያለው ሐሳብ ሸሽቶ፣ መሸሹ ታውቆ፣ ወደ ቦታው በሚመለስባት ቅጽበት ላይ ነው። ጆሮዎ ላይ ያለ ድምፅ በየአምስት ሰከንዱ "ተመለስ፣ ተመለስ" ካለ፣ መሸሹን የሚያውቀው ድምፁ እንጂ እርስዎ አይደሉም።

ቋንቋም ሌላው ችግር ነው። በእንግሊዝኛ የሚነገር መመሪያ፣ ቋንቋውን በሚገባ ለሚያውቅም ቢሆን፣ ለማዳመጥ ብቻ የሆነ ጉልበት ይወስዳል። ስለዚህ የሚሻለው የራስን ቅጂ በራስ ቋንቋ ማዘጋጀት ነው። አንድ ስልክ፣ አንድ ጋቢና አንድ ሰዓት ተኩል ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በየሳምንቱ ንግግሩን እየቀነሱ በአራተኛው ሳምንት ያለ ድምፅ ወደ መቀመጥ ይደርሳሉ።

ምን ይጠበቃል፣ ምን አይጠበቅም

ሐሳብ መሸሹ ራሱ ጉድለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ማቲው ኪሊንግስወርዝና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 2,250 ሰዎችን በቀን ውስጥ ባልተጠበቁ ሰዓቶች ስልካቸው ላይ እየጠየቁ ያሰባሰቡት መረጃ፣ ከመልሶቹ 46.9 በመቶው ሰውየው ከሚሠራው ሌላ ነገር ሲያስብ እንደነበረ አሳይቷል። ግማሽ ለግማሽ ማለት ይቻላል። በ2013 ደግሞ ማይክል ምራዜክና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ 48 ተማሪዎችን ለሁለት ከፈሉ፤ አንዱ ቡድን ትኩረትን በእስትንፋስ ላይ የማሳረፍ ሥልጠና፣ ሌላው የአመጋገብ ትምህርት ለሁለት ሳምንት ወሰደ። የመጀመሪያው ቡድን አንብቦ የመረዳት ውጤትና መረጃን በአእምሮ ይዞ የመሥራት አቅም ተሻሻለ። እዚህ ላይ ግን መጠኑን ልብ ይበሉ፦ በሳምንት አራት ጊዜ ለ45 ደቂቃ ከአስተማሪ ጋር ተቀምጠው ነበር፤ በቤታቸውም በየቀኑ 10 ደቂቃ ይለማመዱ ነበር። አልፎ አልፎ አምስት ደቂቃ ኢርፎን መሰካት ይህን ውጤት አያመጣም።

ሌላም ገደብ አለ። የአእምሮ ጨዋታ የሚሸጡ አፖች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ ሰው የሚሻሻለው በዋናነት በተለማመደው ጨዋታ ላይ እንጂ በሥራውና በትምህርቱ ላይ አለመሆኑ ታይቷል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2016 ከእነዚህ አፖች አንዱ የሆነውን የሉሞሲቲን ባለቤት፣ በቂ ማስረጃ ሳይኖረው በማስተዋወቁ 2 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ደንብ ይህ ነው፦ ቅጂው ባለቀ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ትኩረት የሚጠይቀውን እውነተኛ ሥራ ይጀምሩ። ጥናት ከሆነ መጽሐፉ፣ የሂሳብ ሥራ ከሆነ መዝገቡ ከመቀመጥዎ በፊት ተገልጦ ይጠብቅዎ። ልምምዱና ሥራው መካከል ፌስቡክ ከገባ የ12 ደቂቃው ድካም የትም አይደርስም።

በሁለት ጆሮ ሁለት የተለያየ ድምፅ የሚያሰሙ "የአንጎል ሞገድ" ቅጂዎችም ብዙ ጊዜ ይጠየቃሉ። በግራ 400 ኸርዝ፣ በቀኝ 410 ኸርዝ ሲገባ አንጎል በሰከንድ አሥር ጊዜ የሚመታ ድምፅ ይሰማል። ክስተቱ እውነት ነው፤ ሃይንሪክ ዶቬ የተባለ የፕሩስያ ሊቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገልጾታል። ትኩረትን ይጨምራል በሚለው ላይ ግን የጥናቶቹ ውጤት እርስ በርሱ ይጋጫል። ገንዘብ አይክፈሉበት።

አቀዳዱ

ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉ፤ መሀል ላይ የሚገባ ጥሪ ቅጂውን ያቋርጠዋል። ጊዜው ሰፈሩ ጸጥ የሚልበት ይሁን። የቆርቆሮ ጣሪያ ካለና ዝናብ ካንዣበበ ለሌላ ቀን ይተዉት፤ የቆርቆሮ ላይ ዝናብ በኋላ ሊወጣ የሚችል ድምፅ አይደለም። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ መፍትሔው ጋቢ ነው። ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው ጋቢውን ከራስዎ በላይ እስከ ጠረጴዛው ድረስ እንደ ድንኳን ይጣሉትና ስልኩን ከውስጥ ያስቀምጡ። ድምፅዎ ወዲያው ቅርብና ደረቅ ሆኖ ይሰማል።

ስልኩ ከአፍዎ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጉንጭዎ ጎን ይሁን። ምክንያቱ ፊደላችን ውስጥ ነው። "ፈ" እና "ፐ" አየር ይተፋሉ፤ "ጠ"፣ "ጨ" እና "ቀ" ደግሞ በኢርፎን ሲሰሙ እንደ ጥፊ ይሰማሉ። በዚህ ልምምድ ደጋግመው የሚመጡት ሁለት ቃላት ደግሞ "እስትንፋስ" እና "ቁጠር" ናቸው። ከጎን ሲቀዳ ሁለቱም ይለሰልሳሉ።

የአማርኛ ግስ የሚያመጣውም ጥያቄ አለ፦ "ዓይንህን ክደን" ወይስ "ዓይንሽን ክደኚ"? "ይክደኑ" ቢባል ትሕትና አለው፤ ለዚህ ሥራ ግን ይርቃል። ለራስዎ የሚቀዱ ከሆነ በ"እኔ" ይናገሩ፦ "ዓይኔን እከድናለሁ"፣ "ቀልቤ የት ነው?" ትእዛዝ መስማት ቀርቶ የራስን ሐሳብ መስማት ይሆናል። ለቤተሰብ ወይም ለጥናት ቡድን ከሆነ በ"እኛ"፦ "እንመለስ"፣ "እንቁጠር"።

አነጋገሩ ዕቃ ለጎረቤት እንደሚያውሱ ዓይነት ይሁን፤ የተለመደ ድምፅ፣ ትንሽ ዘግየት ያለ። እንደ ሬድዮ ዜና አይንበብ፤ ሕፃን እንደሚያስተኛም አይለስልስ። ዝምታውን በመቁረጫ አፕ አያስገቡ። ቅጂው እየሄደ የግድግዳ ሰዓት እያዩ ዝም ይበሉ፤ ተቆርጦ የገባ ዝምታ ድንገት ኢርፎኑ የጠፋ ያስመስላል።

ጽሑፉ ይህን ይመስላል፦

"ተቀምጫለሁ። እግሬ መሬት ነክቷል። እጄ ጭኔ ላይ ነው።" አሥር ሰከንድ ዝም። "ዓይኔን እከድናለሁ፤ ካልተመቸኝ ወለሉ ላይ አንድ ቦታ አያለሁ።" ሃያ ሰከንድ ዝም። እስከዚህ አንድ ደቂቃ ያህል ይሄዳል።

ቀጥሎ ሁለት ደቂቃ ማርገቢያ ነው። "አስገባለሁ" ብለው አራት ሰከንድ፣ "አስወጣለሁ" ብለው ስድስት ሰከንድ ይጠብቁ፤ 12 ጊዜ ይደጋገማል። ማስወጫው ከማስገቢያው መርዘሙ ሰውነትን ያረጋጋል።

ከዚያ ዋናው ስምንት ደቂቃ ይመጣል። "አሁን እስትንፋሴን በራሱ እንዲሄድ እተወዋለሁ። ወጥቶ ሲያልቅ አንድ እላለሁ። እስከ ዘጠኝ እቆጥራለሁ፤ ከዚያ እንደገና ከአንድ። ከጠፋብኝ ከአንድ እጀምራለሁ።" ከዚህ በኋላ የሚነገረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ "ቀልቤ የት ነው?" ወይም ለመለዋወጥ "ስንት ላይ ነኝ?" መልስ አይጨመርበትም፤ "አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ተመለስ" አይባልም።

መዝጊያው አንድ ደቂቃ ነው። "ዓይኔን እገልጣለሁ። አሁን የምጀምረው ሥራ…" ብለው ሃያ ሰከንድ ዝም ይበሉ፤ ሥራውን በአእምሮዎ የሚሞሉት በየዕለቱ እርስዎ ነዎት።

ሪከርደሩ ጥራት እንዲመርጡ ከጠየቀዎ ሞኖ (ባለ አንድ መስመር ድምፅ) እና በሰከንድ 64 ኪሎቢት በቂ ነው፤ 12 ደቂቃው ስድስት ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ስልኩ ላይ ይቀመጥ። ኔትወርክ ወይም መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ ልምምድ ልማድ አይሆንም።

አራቱ ሳምንታት

ሦስት ቅጂ ያስፈልጋል፤ የሚለያዩት በስምንቱ ደቂቃ ውስጥ ጥያቄው ስንት ጊዜ እንደሚሰማ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 12 ጊዜ፣ በሁለተኛው 5 ጊዜ፣ በሦስተኛው 2 ጊዜ ብቻ። በአራተኛው ሳምንት ቅጂ የለም፤ የስልኩን ሰዓት 12 ደቂቃ ላይ ሞልተው ይቀመጣሉ።

ጥያቄው በእኩል ርቀት አይምጣ። በየ40 ሰከንዱ ከሆነ በሦስተኛው ቀን ጆሮ ይለምደውና ሰውየው እስትንፋሱን ትቶ ጥያቄውን መጠበቅ ይጀምራል። አንዴ በ25፣ አንዴ በ60፣ አንዴ በ35 ሰከንድ ይምጣ።

በሳምንት አምስት ቀን፣ ቢቻል ጠዋት፣ ከታጠቡ በኋላ ግን መልእክት ከማየትዎ በፊት ይቀመጡ። ከከባድ ምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ለእንቅልፍ እንጂ ለዚህ አይመችም። የድምፁ መጠን ከግማሽ ብዙም አይለፍ። መኪና እየነዱ ወይም መንገድ እየተሻገሩ ፈጽሞ አያዳምጡ።

መለኪያው የሽምብራ ፍሬ ነው። ሃያ ፍሬ በሲኒ አድርገው ጭንዎ መሀል ያስቀምጡ። ዘጠኝ ላይ በትክክል ደርሰው ዙሩን ከዘጉ አንድ ፍሬ በቀኝ በኩል ያኑሩ፤ ቁጥሩ ከጠፋብዎ ወይም አሥር፣ አሥራ አንድ ካሉ በግራ በኩል። ዓይን መግለጥ አያስፈልግም። በስምንት ደቂቃ ውስጥ አንድም ሳይጠፋ ከ9 እስከ 13 ዙር ሊሞላ ይችላል፤ ሲጀምሩ ግን "4 ሙሉ፣ 8 የጠፋ" ዓይነት ውጤት የተለመደ ነው። ደብተር ላይ ቀኑን፣ ሁለቱን ቁጥርና የዚያን ሌሊት የእንቅልፍ ሰዓት ይጻፉ። ይህ አለካክ ከየትም የመጣ አይደለም፤ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ሥራ ተሳታፊዎች ከአንድ እስከ ስምንት አንድ ቁልፍ፣ ዘጠኝ ላይ ሌላ ቁልፍ እየተጫኑ እስትንፋስ እንዲቆጥሩ በማድረግ ትኩረትን ለክተዋል።

በግራ የተቀመጠው ፍሬ የሽንፈት ምልክት አይደለም። እያንዳንዱ የግራ ፍሬ ሐሳብዎ ሄዶ መሄዱን ያወቁበት ቅጽበት ነው፤ ልምምዱ ራሱ እሱ ነው። የሚያሳስበው ፍሬው በሁለቱም በኩል ጥቂት ሲሆን ነው፤ ያኔ ጊዜው በሕልም አልፏል።

የሚበላሸው የት ላይ ነው

ቁጥሩ ያለ ባለቤቱ ይሄዳል። ከሁሉ የሚበዛው ይህ ነው፦ አፍ ውስጥ ቁጥሩ አምስት፣ ስድስት እያለ ይቀጥላል፣ ሐሳብ ግን የቤት ኪራይ ላይ ነው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ መቁጠር ከልጅነት የተለመደ ስለሆነ ያለ ትኩረትም ይሄዳል። ለጥቂት ቀናት ከዘጠኝ ወደ አንድ ይቁጠሩ። የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ደግሞ በግዕዝ ይቁጠር፤ አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ። ያልተለመደ ቁጥር ልብ ሳይሉት አይወጣም።

ራስ ማዞር ወይም የጣት መደንዘዝ ከመጣ በጥልቀትና በብዛት እየተነፈሱ ነው። ማርገቢያው ዝግ ማለት እንጂ ደረትን መሙላት አይደለም። ያቁሙ፣ እንደ ወትሮው ይተንፍሱ፤ በሚቀጥለው ቀን ሦስት ሰከንድ አስገብተው አራት ሰከንድ ያስወጡ።

እንቅልፍ። በሳምንት አንዴ ምንም አይደለም። በየቀኑ ከሆነ ደብተሩ ላይ የጻፉትን የእንቅልፍ ሰዓት ይዩ፤ በአምስት ሰዓት እንቅልፍ ላይ የሚሠራ የትኩረት ልምምድ የለም። እንቅልፍዎ በቂ ከሆነ ግን ዓይን ገልጠው፣ ጀርባ ሳይደገፉ ይቀመጡ።

የራስ ድምፅ ያስጠላል። ስንናገር ድምፃችን በራስ ቅላችን አጥንትም ስለሚደርሰን ለራሳችን ወፍሮ ይሰማናል፤ ቅጂው ላይ ያ ውፍረት የለም። ብዙ ሰው ከጥቂት ቀን በኋላ ይለምደዋል። ካልተለመደ እናት፣ አክስት ወይም የሚያረጋጋ ድምፅ ያለው ሰው ያንብብልዎ።

ጭንቀት የሚብስበትም ሰው አለ። ድንገተኛ የፍርሃት ስሜት ያለበት ወይም ከባድ ነገር ያሳለፈ ሰው ዓይን ጨፍኖ እስትንፋሱን ሲከታተል ልቡ ሊመታ፣ ክፉ ትዝታ ሊመጣበት ይችላል። እንደዚያ ከሆነ አይታገሉት። ዓይን ይገለጥ፣ ትኩረቱ ከእስትንፋስ ወደ እግር መዳፍ ወይም ወደ ውጭ ድምፅ ይዙር፤ ከቀጠለ ልምምዱን አቁመው ባለሙያ ያነጋግሩ።

ሌላ ዓይነት ቅጂ፦ ጥያቄ ለመፍታት

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጠንቀቅ ይገባል። ሥራ እየሠሩ ከጀርባ ንግግር ማሰማት ይጎዳል። ኮልና ዌልሽ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 እንዳሳዩት፣ ሰዎች በማይገባቸው ቋንቋ የሚነበብ ጽሑፍ እየተሰማ እንኳ የሚያዩትን ፊደል በቅደም ተከተል ማስታወስ ይከብዳቸዋል። ነገሮችን በልባችን እየደጋገምን የምንይዝበትን ቦታ የሰው ንግግር ሳይጠየቅ ይገባበታል። ግጥም ያለው ዘፈንም ሆነ ስብከት፣ ሂሳብ በሚሠራበት ሰዓት ይዘጋ። ይህኛው ቅጂ የሚሠራው ጠይቆ ዝም ስለሚል ነው።

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ያዳምጡት። ጥያቄዎቹና ከእያንዳንዱ በኋላ የሚቀዳው ዝምታ፦ "የምፈልገው ምንድን ነው? በአንድ ዓረፍተ ነገር" ሁለት ደቂቃ። "በእርግጥ የማውቀው ምንድን ነው?" ሦስት ደቂቃ። "ሳልመረምር እውነት ነው ያልኩት ምንድን ነው?" ሁለት ደቂቃ። "ጥያቄው ትንሽ ቢሆን ኖሮ ምን ይመስል ነበር?" ሦስት ደቂቃ። "ከመልሱ ብነሳ ከእሱ በፊት ምን መኖር አለበት?" ሁለት ደቂቃ። "ቀጥሎ የምሠራው አንድ ነገር ምንድን ነው?" አንድ ደቂቃ። በጠቅላላ ሩብ ሰዓት ገደማ።

በአንድ ሱቅ እንየው። ማታ ካዝናው ሲቆጠር ከመዝገቡ 540 ብር ጎድሏል። ባለሱቁ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ "540 ብር ማን ወሰደ?" ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ይህ ግን ጥያቄ ሳይሆን ፍርድ ነው። ዓረፍተ ነገሩ "መዝገቡና ካዝናው ለምን በ540 ተለያዩ?" ሲሆን በር ይከፈታል። የሚያውቀው፦ ብሩ ሁለቴ ተቆጥሮ አንድ ሆኗል፣ ትናንት ሂሳቡ ገጥሟል። ሳይመረምር የተቀበለው፦ መዝገቡ ትክክል ነው። "ትንሽ ቢሆን" ሲባል፦ ስሕተቱ በአንድ መስመር ላይ ብቻ ቢሆንስ? እንዲህ ከሆነ ሁለት ነገር ይፈተሻል። የ540 ግማሽ 270 ነው፤ 270 ብር ወጪ እንደ ሽያጭ ተጽፎ ከሆነ ልዩነቱ በትክክል 540 ይሆናል። ደግሞም 540 ለ9 ይካፈላል፤ ሁለት ጎረቤት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። "ከመልሱ ብነሳ" ሲባል ፍለጋው ይጠባል፦ 540 ማለት 90 በ6 ነውና፣ የመቶ ቤቱ ከአሥር ቤቱ በስድስት የሚበልጥ መስመር ይፈለግ። 1,820 ተብሎ የተጻፈ ሽያጭ ተገኘ፤ ደረሰኙ 1,280 ይላል። ማንም አልወሰደም።

ሩብ ሰዓቱ አልቆ መልስ ካልመጣ ቅጂውን ወዲያው አይድገሙት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እጅን የሚይዝ፣ ሐሳብን ግን የማይይዝ ሥራ ይሥሩ፤ ዕቃ ማጠብ፣ ሽንኩርት መላጥ፣ ግቢ መጥረግ። ከጥያቄ ለጥቂት ጊዜ መራቅ እንደሚጠቅም በብዙ ጥናቶች ታይቷል። ስልክ መጎርጎር ግን እረፍት አይሆንም፤ አእምሮን በሌላ ጥያቄ ይሞላዋል። ሲመለሱ ከአራተኛው ጥያቄ ይቀጥሉ።

ከአራተኛው ሳምንት በኋላ በየቅዳሜው አንድ ጊዜ በሽምብራው ይለኩ። የቀኝ ፍሬዎች ከደረሱበት ከፍተኛ ቁጥር ከግማሽ በታች ከወረዱ ለሦስት ቀን ወደ ሁለተኛው ሳምንት ቅጂ ይመለሱ፤ ከዚያ እንደገና ያለ ድምፅ ይቀመጡ።